ዝቋላ ለመውጣት ያሰበ ይህችን አንብቦ ይነሳ

በየዓመቱ ጥቅምትና መጋቢት ሲቃረቡ ስልኬ ዕረፍት ያጣል። «ዝቋላ ልንሄድ ነበር፣ ምን እንያዝ?» ነው። አንዱ ስለት አለበት። ሌላው በየቅዳሜው ተራራ ካልወጣ የማይሆንለት የሃይኪንግ ሰው ነው። አንዷ ደግሞ ከዱባይ ለዕረፍት መጥታ እናቷን ይዛ መሄድ ፈልጋለች። ለሁሉም መጀመሪያ የምላቸው አንድ ነው። ስለ ጫማና ስለ ስንቅ ከማውራታችን በፊት ቀኑን ምረጡ። የአቡዬ (የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ) ዕለት ያለው ዝቋላና የተራ ማክሰኞ ዝቋላ አንድ ተራራ አይደሉም። ሄዶ ሲያማርር የሰማሁት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ተራራው ከብዶት ሳይሆን ቀኑን ሳያስብበት ሄዶ ነው።

ለማያውቀው በአጭሩ። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስትወርዱ በስተቀኝ ሜዳው ላይ ብቻውን ቁጭ ያለ፣ አናቱን በቢላ የቆረጡት የሚመስል ተራራ ታያላችሁ። እሱ ነው። ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው 2,989 ሜትር ነው። የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ያ የተቆረጠ የሚመስለው አናት እሳቱ የወጣበት አፍ ነው፣ ዛሬ ውስጡ ሐይቅ ተኝቶበታል። ቢሾፍቱ ከተማ ውስጥ ያሉት እነ ሆራም እንዲሁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ የዝቋላው ልዩነቱ ተራራ አናት ላይ መቀመጡ ነው።

ከሐይቁ አጠገብ ያለው ደብረ ከዋክብት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው። ጥንታዊ ነው፤ በ15ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በተሠራ ካርታ ላይ እንኳ ገዳም እንዳለበት ተጠቅሷል። ጻድቁን ሥዕላቸውን ያየ አይረሳቸውም፤ ገላቸው በነጭ ጸጉር የተሸፈነ፣ አንበሳና ነብር በግራ በቀኝ የቆሙላቸው። ገድላቸው እንደሚለው ከግብፅ የመጡ ናቸው፣ የእናት ጡት ሳይቀምሱ ያደጉ፣ 562 ዓመት የኖሩ፤ በዚሁ ሐይቅ ውስጥ ራሳቸውን ዘቅዝቀው 100 ዓመት ስለ ኢትዮጵያ የጸለዩ። ይህን ታሪክ ሳታውቁ ሐይቁ ዳር ብትቆሙ የምታዩት ቆንጆ ውኃ ነው። አውቃችሁ ስትቆሙ ግን አጠገባችሁ ያለችው ሴትዮ ለምን ውኃውን እያየች እንደምታለቅስ ይገባችኋል።

ተራራው የገዳሙ ምእመናን ብቻ አይደለም። ለአካባቢው ኦሮሞ ሕዝብም ከጥንት የተከበረ ነው፤ ለምለም ሣር ይዘው ለዋቃ (ለፈጣሪ) ምስጋና ሊያቀርቡ የሚወጡ ሰዎች ታገኛላችሁ። ሰላም በሏቸው፣ ካሜራ ፊታቸው ላይ አትደግኑ። ዳገቱን የምትወጡት አብራችሁ ነው።

የቀኑ ነገር

ዋናዎቹ ክብረ በዓላት ሁለት ናቸው፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5። መጋቢት 5 ጻድቁ ያረፉበት ነው። በነዚህ ቀናት ሕዝቡ ከዋዜማው ጀምሮ ይወጣል። ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል፣ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከዚያ ታቦት። ስለት ያለበት፣ ከሰው ጋር መጨናነቅ የማይከብደው፣ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ ማደር የሚችል ሰው ይሂድ። የትም የማይገኝ ነገር ያያል። ተራራ ለመውጣት ብቻ የሚሄድ ግን በዚያ ቀን ምንም አያይም፤ ከፊቱ ያለውን ሰውዬ ጀርባ ብቻ ነው የሚያየው።

መጋቢት 5 ሁልጊዜ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ቢዘገይ ቢዘገይ የሚገባው መጋቢት 5 ቀን ነውና ከዚያ አያመልጥም። ስለዚህ እንቁላል ሳንድዊች ሠርታችሁ አትምጡ፤ አይቻለሁ፣ ያመጣው ልጅ ቀኑን ሙሉ በፌስታል ይዞት ዞረ። ጥቅምት ደግሞ ብርዱ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ዝቋላ ላይ አድሮ ሳይሆን አይቀርም። ገደላ ገደሉ ገና አረንጓዴ ስለሆነ ግን ከሁለቱ ለዓይን የሚያምረው ጥቅምት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄዱ የኔ ምክር ኅዳር ወይም ታኅሣሥ፣ ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን ያልዋለ ተራ ቀን ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ አቧራው ገና አልከፋም። ከታች የአድአ ጤፍ ደርሶ ሜዳው ወርቅ መስሎ ይታያል። ሐምሌና ነሐሴ ይቅርባችሁ። የዚያ አገር መረሬ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ጫማ ይነጥቃል፤ መኪና ከያዘማ አይለቅም።

አሁን የማይጥም ነገር ልናገር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የገዳሙ አራት አባቶች መገደላቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። መንገዱ አንድ ወር ሰላም ይሆናል፣ ሌላ ወር አይሆንም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የወጣና የተመለሰ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው ወሬ አይጠቅማችሁም። ቢሾፍቱ ወይም ዱከም ዘመድ ካላችሁ ደውሉ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ በራሳችሁ ከምትሄዱ ከጉዞ ማኅበር ጋር ሂዱ። ሲመሽ መንገድ ላይ አትሁኑ። «ዘንድሮ ይቅር» ከተባላችሁ ይቅር። ስለቱም ቢሆን ለንስሐ አባት ተነግሮ ሰፈር ያለው አቦ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ ይችላል።

አወጣጡ

መኪና ያለው፣ ጠንካራ ፎርዊል ከሆነ፣ እስከ ላይ መውጣት ይችላል። በበዓል ቀን በአይሱዙ ተጭነው የሚወጡም አሉ፤ ያንን አቀበት በአይሱዙ ጭነት ላይ ቆሞ መውጣት እንደ እኔ ከእግሩ የበለጠ ያስፈራል። በእግር የሚወጣው ሰው አብዛኛው ከተራራው ሥር ካለችው ወምበር ማርያም ይነሳል። እስከዚያች ድረስ ከቢሾፍቱ ጥርጊያ መንገድ አለ። ከዚያ ወደ ላይ እንደ እግራችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ነው። አሮጊትና ሕፃን ካለ አራት በሉት።

ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በግማሽ ቀን አንድ ሺህ ሜትር ያህል ትወጣላችሁ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለከፍታው አይደነግጥም፣ እንጦጦ የለመደ ነው። ከዱባይ፣ ከቤሩት፣ ከባሕር ጠለል የመጣ ሰው ግን አውሮፕላን በወረደ ማግስት እንዳይሞክረው። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ይደር። የዱባይዋን ልጅ እንዲህ ብያት አልሰማችም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ስልሳ ያለፋቸው እናቷ እንኳ «ተነሺ እንጂ» እያሏት ነበር።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እግራችሁ ዳገቱን ቢጀምር ጥሩ ነው። ሦስት ሰዓት ካለፈ የታችኛው ክፍል ጥላ የለውም፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አጭር እርምጃ። ቶሎ ቶሎ መቆም የለም፤ ይልቅ ከመጀመሪያው ቀስ ማለት ነው። እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። አቋራጭ መንገዶች አሉ፣ ያገሩ ሰው በነሱ ሽው ይላል። እናንተ ግን መንገዱን የሚያውቅ ከሌለ ሰፊውን አትልቀቁ። አቋራጩ ድንጋዩ ልቅ ነው፤ ከፊት ያለው ሰው የረገጣት ጠጠር ከኋላ ያለው ጉልበት ላይ ታርፋለች። የሰፈሩ ልጆች መንገድ ሊያሳዩና ዕቃ ሊሸከሙ ይመጣሉ። ዋጋውን ከታች ተስማሙ፣ ላይ ደርሳችሁ አትከራከሩ።

ጫማ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ለዝቋላ ብዬ አዲስ ጫማ ገዛሁ። ሲራመድ ይንጫጫል። አንዲት እናት ባዶ እግራቸውን፣ አምስት ሊትር ጀሪካን አንጠልጥለው፣ ከኋላዬ መጥተው አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉና «ልጄ፣ የሚያቃስተው ጫማህ ነው አንተ?» አሉኝ። ሁለታችንም ነበርን። ሐይቁ ጋ ስደርስ ሁለቱም ተረከዜ ውኃ ቋጥሯል። የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ፣ ሶሉ ያላለቀ ይሁን። ሁለት ጥንድ ካልሲ ያዙ። የእግር ጥፍራችሁን ከዋዜማው ቁረጡ፤ ቀልድ አይደለም፣ ስትወርዱ ጣታችሁ የጫማውን ጫፍ ሲደበድብ ይገባችኋል። አንድ ዱላም ያዙ። ስትወጡ ጌጥ ነው፣ ስትወርዱ ሦስተኛ እግር ነው።

ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ሃይላንድ ትልቁን። ስንቅ የማይበላሽ ነገር ይሁን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድፎ፣ ቴምር። እኔ በሶ በስኳር በጥብጬ በጠርሙስ ይዤ ነው የምወጣው፤ ጾምም ሆነ ፍስክ አያሳፍርም፣ ከሆድ አይጠፋም። የምታስቀድሱ ከሆነ እስኪያበቃ እህል አትቀምሱምና ማታውን በደንብ ብሉ። መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ደግሞ ጉዞ ነው ብላችሁ አታቋርጡ፤ ስኳርና ደም ግፊት ተራራ አያውቁም። ባትሪ የግንባሩ ይሻላል፣ እጅ ነጻ ያደርጋል። ኔትወርክ ላይ አትተማመኑ። የት እንደምትገናኙ ከታች ተነጋገሩ።

ከላይ

ወደ አፋፉ ስትቃረቡ ዛፉ ይለወጣል። ትልልቅ ጽድ ይመጣል፣ ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ሽበት። ጉሬዛም አለ፤ እሱን ከማየታችሁ በፊት ድምፁን ነው የምትሰሙት፣ የሚያንኮራፋ ሰው ዛፍ ላይ የተኛ ይመስላል። አፋፉ ላይ ነፋሱ ነጠላችሁን ሊወስደው ይታገላል። ሰማዩ ጥርት ካለ በአንድ በኩል የቢሾፍቱ ሐይቆችና ይረር፣ በሌላ በኩል ቆቃና ከዚያ ራቅ ብሎ ዝዋይ ይታያሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ጥቂት ስትወርዱ ነፋሱ ልክ በር እንደተዘጋበት ቀጥ ይላል። ጆሮ ጭር ይላል። እግራችሁ ሥር ክብ ውኃ ነው። በዚያ ጸጥታ የሳል ድምፅ ከማዶ ይሰማል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ሰላሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን፣ ማንም ሳይናገር ድምፃችንን ዝቅ አደረግን።

እዚህ ላይ የሃይኪንግ ሰዎች ልብ በሉልኝ። የቆማችሁት ሰው ቤት ውስጥ ነው። መነኮሳቱ የሚኖሩበት ነው። ብሉቱዝ ስፒከሩን መኪና ውስጥ ተዉት። ቢራና ሲጋራ የለም። ቁምጣ የለም። ሴቶች ረጅም ሰፊ ቀሚስና ነጠላ ያስፈልጋችኋል። ሱሪ ለዳገቱ ይመቻል ካላችሁ ከቀሚሱ ሥር ልበሱት፣ ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ማውለቅ ነውና ማሰሪያው የማያስቸግር ቢሆን ደስ ይላል፣ የተቀደደ ካልሲ ግን አደራ። በወር አበባ ላይ ያለች ወደ ውስጥ አትገባም፣ ከውጭ ሆና ትጸልያለች። አባት ስታገኙ «አባ ይፍቱኝ» በሉ፤ «እግዚአብሔር ይፍታ» ይሏችኋል፣ መስቀል ያሳልሟችኋል። መነኩሲቷን «እማሆይ» ነው። ሁሉም አያወራችሁም። በአርምሞ ያለ አባት አለ፤ ዝም ቢላችሁ ተቀይሟችሁ አይደለምና አትከተሉት። ፎቶ ለማንሳት ጠይቁ፣ ድሮን ግን መጠየቅም አያስፈልገውም፣ ይቅር።

ሐይቁ መዋኛ አይደለም። ምእመናኑ የሚጠመቁበት፣ በጀሪካን ቀድተው የሚወስዱት ጸበል ነው። ሳሙና ይዞ መግባት፣ ልብስ ማጠብ፣ ድንጋይ መወርወር ነውር ነው። ጸበሉን የምትጠጡት በእምነት ነው፤ ለጥማችሁ የምትጠጡት ግን ያው ከቤት የያዛችሁትን። መባ ለመስጠት ያሰበ ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ ይዞ ይውጣ። ገንዘብ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ ወይም በደረሰኝ። ለየኔ ቢጤዎች የሚሆን ዝርዝር ብር ከቢሾፍቱ አስቀይሩ። በበዓል ቀን ከታች እስከ ላይ «ስለ አቡዬ» የሚለው ድምፅ አይቋረጥም፣ መቶ ብር ይዞ መልስ መጠየቅ ደግሞ ደስ አይልም።

የምታድሩ ከሆነ አንድ ጋቢ አይበቃም። ሁለት፣ ኮፍያ፣ ከመሬት የሚለይ ፍራሽ ወይም ወፍራም ላስቲክ። ቅዝቃዜው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው የሚመጣው። ማኅሌቱ ሲጀመር ግን ከሰው መሐል ገብታችሁ ቁሙ፣ እሱ ከጋቢ ይበልጣል።

እሳት። ይህችን ሳልቆጣ መጻፍ አልችልም። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ደኑ ተቃጥሎ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ወጣቱ ቅጠል ይዞ ነው እሳት ሊያጠፋ የወጣው። በጋ ላይ ያ ጽድና ሣር ክብሪት ነው የሚጠብቀው። ሻይ ለማፍላት ብላችሁ ከዛፍ ሥር እሳት አታንድዱ። ጧፍ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ለኩሳችሁ ትታችሁ አትሂዱ። ሃይላንዱንም ፌስታሉንም መልሳችሁ አውርዱ፤ ባዶውን ነው፣ አይከብድም።

አወራረድ

ስምንት ሰዓት ላይ ቁልቁል ጀምሩ። ሰው ሁሉ ለመውጣት ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ጉልበት የሚያልቀው ግን ሲወርድ ነው። ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፣ አትሩጡ፣ አቧራ ያለበት ቦታ ላይ ወደ ጎን ርገጡ። ጸበል ስትቀዱ በሃያ ሊትር ጀሪካን አትጓጉ። አንዱ ወዳጄ ሃያ ሊትር ተሸክሞ ጀመረ፣ በየዕረፍቱ ለሰው እያደለ ታች ሲደርስ አራት ሊትር አልቀረውም። አምስት ሊትር ይበቃል።

ከጉዞ ማኅበር ጋር ከሄዳችሁ አስተባባሪው ሰው እንዲቆጥር ጨቅጭቁት። እኛን አንድ ጊዜ አውቶቡሱ ሦስታችንን ትቶን ሄዷል። ቆጥረናል ይላሉ፤ የቆጠሩት ወንበር ነው መሰለኝ። ፀሐይ እየገባች በእግራችን ስንሄድ የእህል ጭነት የያዘ መኪና አግኝተን ጆንያ ላይ ተቀምጠን ቢሾፍቱ ገባን። ስለዚህ የአስተባባሪውንም የሾፌሩንም ቁጥር ያዙ፣ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ስምም ጠይቁ። ወንበራችሁ ባዶ መሆኑን የሚያየው እሱ ነው።

ቤት ስትደርሱ እግራችሁን ሞቅ ባለ ውኃ በጨው ዘፍዝፉ። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት፣ ራሱ ይድናል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያስቸግራችኋል፣ በሦስተኛው ቀን ይተዋችኋል። ከጸበሉ ደግሞ ትንሽ አስተርፉ። ዝቋላ ሄዳችሁ እንደነበር ጎረቤት ሳይነገረው ያውቃል፣ ማምሻውን ኩባያ ይዞ ይመጣል።